ትንሽ ነገር በልክ

ልጄ፣ ልጅ ወልደሽ የራስሽን ጓዳ መያዝ ስለጀመርሽ ይህን ልጽፍልሽ ወደድኩ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በድሬሰርነት፣ አብዛኛውን ደግሞ በመድኃኒት መስጫ መስኮት ላይ ቆሜ ነው። በዚያ መስኮት ያየሁት ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው «ትንሽ ናት፣ ምን ታመጣለች» ከሚል ቸልታ ነበር። አንቺም ልብሽ ደግ ቢሆንም እጅሽ ይቸኩላል፤ አውቅሻለሁ። ሳትሰለቺ አንብቢ።

1. ለወጥ እጅሽን እመኚ፤ ለመድኃኒት ግን አትመኚው። እናትሽ ጨው በጣቷ ቆንጥራ ስትጨምር አትስትም። ብትስትም ወጥ ውሃ ይጨመርበታል፣ ድንች ይገባበታል፣ ይመለሳል። ሕፃን አንዴ ከዋጠ በኋላ ግን መመለሻ የለውም። ልኩ ባነሰ ቁጥር ደግሞ ስህተቱ ይገዝፋል። በጣሳ ዱቄት ላይ አንድ ማንኪያ ቢተርፍ ማንም አያውቀውም፤ በአንድ ማንኪያ ሽሮፕ ላይ አንድ ማንኪያ ከተረፈ ግን እጥፍ መድኃኒት ሆነ ማለት ነው።

2. በቤትሽ ማንኪያ መድኃኒት አትለኪ። በመድኃኒት ቤት የሻይ ማንኪያ ሲባል 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ ሲባል 15 ሚሊ ሊትር ነው። ከገበያ የሚገዛ ማንኪያ ግን አንዱ ጎድጎድ ይላል፣ ሌላው ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ እንደ ሠራው ሰው ነው። ከሽሮፑ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የምትመጣውን ትንሽ ኩባያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ተጠቀሚ። ኩባያዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና ጎንበስ ብለሽ መስመሯን በዓይንሽ ትክክል እዪ፤ ከላይ ወደ ታች ሲያዩት መስመር ያታልላል። በሲሪንጅ ስታጠጪም ወደ ጉንጩ ጎን ቀስ አድርገሽ ግፊ። ወደ ጉሮሮው ከረጨሽው ትን ይለዋል።

3. የተቆለለ ማንኪያ ማንኪያ አይደለም። ልክ የሚሆነው አፉ በቢላ ጀርባ ሲጠረግ ነው። በዚያ ልክ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም፣ ጨው ግን ወደ 6 ግራም ይመዝናል። ዓይን ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል።

4. የተቅማጥ ውሃ ስትበጠብጪ ግምት አታስገቢ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ። ኦ.አር.ኤስ.፣ ብዙዎች «ለምለም» የሚሉት፣ አንድ ሊትር የሚለው ፓኬት ሙሉውን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። እናቶች ግማሹን ፓኬት በብርጭቆ፣ ወይም ሙሉውን በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሲበጠብጡ አይቻለሁ፤ «ወፈር ካለ ቶሎ ያድነዋል» ብለው ነው። ነገሩ የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ስኳሩ በልኩ ሲሆን ጨውንና ውሃን ይዞ ከአንጀት ወደ ደም ያስገባል። ስኳሩ ሲበዛ ውሃን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያባብሳል፤ ጨው ሲበዛ ደግሞ ሕፃኑን እስከ ማንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ የሃይላንዱን ጎን አንብቢ፤ ግማሽ ሊትርም፣ አንድም፣ ሁለትም ሊትር አለ።

ፓኬት ካጣሽ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ የተጠረገ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሪ። መጀመሪያ ራስሽ ቅመሺው፤ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለሽ ድፊውና እንደገና ጀምሪ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ቀስ እያልሽ ስጪው። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ታገሺና ቀጥዪ። ጡቱን አታቋርጪበት። 24 ሰዓት ያለፈውን ድፊ። ከጤና ጣቢያ ዚንክ ከሰጡሽ ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘውን ቀን ጨርሺ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ካለበት ግን ቤት አትቆዪ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጪ፤ መጠጣት ከቻለ መንገድ ላይም እያጠጣሽው።

5. የትኩሳት መድኃኒት በዕድሜ ብቻ አይገመትም፤ ልጁን አስመዝኚው። ፓራሲታሞል ለልጅ የሚታዘዘው በአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም እየታሰበ ነው። ሁለተኛ፣ ጠርሙሱን አንብቢ። ሽሮፑ ብዙውን ጊዜ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ይዟል፤ በጠብታ የሚሰጠው ግን በአንድ ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊ ግራም የሚይዝ አለ። ከዚህ ጠብታ አንድ የሻይ ማንኪያ ያጠጣሽ እንደሆነ ለሕፃኑ 500 ሚሊ ግራም፣ የትልቅ ሰው አንድ ሙሉ ክኒን ሰጠሽው ማለት ነው። ፓራሲታሞል ሲበዛ ጉበትን ይጎዳል፣ ጉዳቱም በዚያው ቀን ላይታይ ይችላል። በሁለት መጠን መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ይለፍ፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ4 ጊዜ አይብለጥ።

ሌላም አለ። አንቺ ስትወጪ አያቱ ታጠጣዋለች፣ ስትመለሺ አንቺ ትደግሚዋለሽ። የሰጠ ሰው ሰዓቱን ካርቶኑ ላይ ይጻፍ። ማን እንደሰጠ እየተጠያየቁ የሚጣሉ ቤተሰቦች ብዙ አይቻለሁ።

6. በዱቄት የሚሸጠውን የልጅ አንቲባዮቲክ ስታዘጋጂ አትጣደፊ። መጀመሪያ ጠርሙሱን መታ መታ አድርገሽ ዱቄቱን አላቅቂ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እስከ ግማሽ ጨምሪና በደንብ ናጪው፤ አረፋው ሲበርድ እስከ መስመሩ ድረስ ሙዪ። ባጠጣሽው ቁጥርም ናጪው። ካልተናጠ መድኃኒቱ ከታች ይዘቅጣል፤ ልጁ መጀመሪያ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ ዝቃጭ ይጠጣል።

7. የአባቶችን መድኃኒት አክብሪ፤ ልኩን ሳታውቂ ግን አትንኪው። ማር ሲበዛ ይመራል ይባል የለ? የአንድ ቅጠል ኃይል እንደ አፈሩ፣ እንደ ወራቱ፣ እንደ አደራረቁ ይለያያል፤ የአምናው እፍኝ የዘንድሮው እፍኝ አይደለም። ኮሶ ሲበዛ ሰውን እንደሚጎዳ የጠጡት ሽማግሌዎች ራሳቸው ያውቁ ነበር፤ ዛሬ በልክ የተሠራ ክኒን እያለ ወደ እሱ አትመለሺ። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ብታደርጊ አልቆጣሽም፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን ቀቅላ አትጠጣው፣ ጽንስ ያስወርዳል። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ልጅ በጣት ጫፍም ቢሆን አይቀመስም፤ ትልቁን ሰው የማይነካ ጀርም ሕፃኑን እስከ ሽባነት ያደርሰዋል። እዚህ ላይ ጎረቤት «እኛም ልሰን አድገናል» ትልሻለች። ዝም ብለሽ ስሚያት፣ አትታዘዢያት።

8. ጨውሽን ወጡ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቁጠሪ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ የተጠረገ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እኛ ቤት ግን በርበሬው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም እንዲሁ፣ ሚጥሚጣውም። በዚያ ላይ ድስቱ ሲወርድ እንደገና እንቆነጥራለን። ሳትቀምሺ አትጨምሪ። ባልሽ ደም ግፊት ካለበት በርበሬውን ያለ ጨው አስፈጪ።

9. ለልጁ የራሱ ሳህን ይኑረው። በስድስት ወሩ ምግብ ሲጀምር በአንድ ጊዜ 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃዋል፤ ዓመት ሊሞላው ሲል ግማሽ ትልቅ ኩባያ ይደርሳል። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ይሁን፤ ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። ከትልቅ ትሪ ከበላ ምን ያህል እንደበላ ማንም አያውቅም።

ይኸው ነው ልጄ። ነገ ገበያ ስትወጪ መድኃኒት ቤት ጎራ በዪና 5 ሚሊ ሊትር የሚለካ ሲሪንጅ ግዢ፤ መርፌውን እዚያው ተዪላቸው። ቤት ስትገቢ በሙቅ ውሃ አጥበሽ፣ ከመድኃኒቶቹ ጋር ልጁ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪው።