የብርጭቆ ዕቃ እንዴት ይለያል?

ብርጭቆ በሁለት ዋና መንገድ ይሠራል፤ አንደኛው በትንፋሽ እየተነፋ፣ ሁለተኛው በብረት ቅርጽ ውስጥ እየተጫነ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ጠጅ የሚጠጣበት ብርሌ ጥሩ አስተማሪ ነው።

ብርሌ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ነው። የቀለጠውን ብርጭቆ የሚጫነው ብረት ሆዱን ያህል ሰፍቶ በጠባቡ አንገት ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ ብርሌ የተነፋ መሆኑን ቅርጹ ራሱ ይመሰክራል። አፈ ሰፊ ሳሕን ግን ሊጫን ይችላል። ጣታችንን አስገብተን ብንዳስሰው ጌጡ በውጭ ጎልቶ ሳለ ውስጡ ልሙጥ ይሆናል።

ከተጫኑት ዕቃዎች መካከል ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቀውን ነው። ይህም ብርጭቆው ገና ትኩስ ሳለ የብረታ ብረት ጨው ተረጭቶበት፣ ዘይት በውሃ ላይ ሲንሳፈፍ የሚታየውን ዓይነት ቀለም ያገኘ ነው። የአሜሪካው ፌንተን ኩባንያ በ1907 እ.ኤ.አ. ገደማ ለገበያ አወጣው፤ በኋላም በስዊድን፣ በፊንላንድና በአውስትራሊያ ተሠርቷል። ኖርዝዉድ የተባለው ፋብሪካ በብዙ ዕቃዎቹ ላይ «ኤን» የሚለውን የላቲን ፊደል በክብ ውስጥ አትሟል። ምልክት የሌለው ግን ብዙ ስለሆነ፣ ሰብሳቢው ጌጡንና ጠርዙን ያስተያያል፤ የብርጭቆውንም እውነተኛ ቀለም ለማወቅ እግሩን ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመለከታል።

እኔም በቤታችን ያሉትን ብርጭቆዎች በዚሁ መንገድ መርምሬ በደብተሬ መዝግቤአለሁ። ሆኖም ዕቃው ከየት ተገዝቶ፣ በማን እጅ እንደቆየ ዓይንና ጣት አይነግሩንም፤ ይህን የሚያውቁት አያቶቻችን ናቸው። ስለዚህ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አሮጌው ብርሌ ተሸረፈ ብለን ከመጣላችን በፊት ጠይቀን እንጻፍ፤ ያልተጻፈ ታሪክ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።