ከአዲስ አበባ ውጭ ስታርትአፕ ከመክፈትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የቢሮ ኪራይ መርከሱ ብቻውን ከተማ አያስመርጥም። በሶፍትዌር ሥራ ትልቁ ወጪ ደመወዝ ነው፤ ከኪራይ የተረፈውን ደግሞ አዲስ አበባ መመላለሱ ሊበላው ይችላል። የኪራይ ውል ከመፈረምዎ በፊት ሌሎች ነገሮችን ያጣሩ።

ደንበኛዎ የት ነው? ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው። ጭነት ያለውን ከባለ መኪናው የሚያገናኝ መተግበሪያ የሚሠሩ ከሆነ ከቦሌ ይልቅ አዳማ ይሻልዎታል። የሞጆ ደረቅ ወደብ ቅርብ ነው፤ ሾፌሩንና ትራንዚተሩን ቡና ጋብዘው መጠየቅ ይችላሉ፤ አዲስ አበባም በፍጥነት መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለቡና አቅራቢዎች የሚሠራ ሰው ጅማ ቢቀመጥ የመተግበሪያውን ጉድለት ከተጠቃሚው አፍ በዚያው ቀን ይሰማል። ደንበኞችዎ አስመጪና ላኪዎች ከሆኑ ደግሞ ድሬዳዋን ያስቡ፤ በጅቡቲው ባቡር መስመር ላይ ናት። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነጻ የንግድ ቀጣና ተከፍቶባታል፤ ሳፋሪኮምም የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው በዚያው ወር፣ ከአዲስ አበባ አስቀድሞ በድሬዳዋ ነበር። ደንበኞችዎ ባንኮችና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከሆኑ ግን ውሳኔ ሰጪዎቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ እዚያው ይቆዩ።

ኢንተርኔት ቢቋረጥስ? ይህን ጥያቄ ማንሳት ያሳዝናል፤ መዝለል ግን አይቻልም። በትግራይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ ወቅት፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ባሕር ዳርም ሆነ መቀሌ ያሉ ወጣት ባለሙያዎች ችሎታ አልጎደላቸውም፤ የተወሰደባቸው መስመሩ ነው። እዚያ መክፈት ከፈለጉ፣ አገልግሎቱ ሲዘጋ ማን ወዴት ሄዶ ሥራውን እንደሚያስቀጥል ዛሬውኑ ይወስኑ፤ የደንበኛ መረጃም በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ። በየትኛውም ከተማ ቢሆን ሕንፃው የፋይበር መስመርና ጀነሬተር እንዳለው ይጠይቁ። ስለ መብራቱ ግን አከራዩን ሳይሆን ጎረቤት ሱቆችን ይጠይቁ።

ማን ይሠራልዎታል? አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና ጅማ በየዓመቱ የሚያስመርቁ ዩኒቨርሲቲዎች አሏቸው። ጀማሪ ፕሮግራመር ያገኛሉ፤ የሚከብደው ጀማሪውን የሚያሠለጥን ልምድ ያለው ሰው ማግኘት ነው። ያ ሰው እርስዎ ወይም አጋርዎ ካልሆነ ከመክፈትዎ በፊት ይፈልጉት። ባለሙያው አዲስ አበባ ሆኖ በርቀት ቢሠራም ይሆናል፤ በየጊዜው እየመጣ ከጀማሪዎቹ ጋር አብሮ ለመቀመጥ ግን መስማማት አለበት።

ቢሮክራሲው። በአዳማ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ፣ ሐዋሳ ባሉት የሲዳማ ክልል መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ሲዳምኛ ነው። ደብዳቤ ጽፎ የሚከታተልልዎ የአካባቢው ሰው ከመጀመሪያው ቀን ያስፈልግዎታል። የ2013ቱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለሚፈቅድ፣ ለምዝገባ ብለው የስም ሸሪክ አያስገቡ። የዋናው መሥሪያ ቤት አድራሻ መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ስለሚሰፍር ደግሞ፣ ከመመዝገብዎ በፊት በመረጡት ከተማ ጥቂት ሳምንታት ተቀምጠው ይሥሩ፤ ቢቻል ዝናቡ በሚበረታበት፣ መብራቱና መስመሩም በሚፈተኑበት በሐምሌ።