ግንበኛን ሥራ የማያስፈታ ረዳት

የቱንም ያህል የተካነ ግንበኛ ቢሆን፣ አጠገቡ ያለው ረዳት ደካማ ከሆነ የቀኑ ሥራ ግማሽ ነው። ማንኪያውን ይዞ ብሎኬት ይጠብቃል። ብሎኬቱ ሲደርስ የተቦካው ሲሚንቶ አልቋል፤ ሌላ ይቦካ ሲባል ደግሞ ውሃ የለም። ፀሐይዋ ግን አትጠብቅም። ረዳትነት ጉልበት ብቻ የሚመስላቸው ይህን ስላላዩ ነው። የረዳት ዋና ሥራው ልምድ ያለው ሰው እጅ እንዳይቆም ማድረግ ነው፤ ይህን ለመማር ደግሞ ከፎቅ ይልቅ በግቢ ጓሮ የሚሠራ ትንሽ የዕቃ ቤት ይሻላል። ፎቅ ላይ ወር ሙሉ አሸዋ ስታመላልስ ልትከርም ትችላለህ። ጓሮ ውስጥ ግን ግንበኛው አንድ፣ ረዳቱ አንድ ስለሆነ ከመሠረቱ እስከ ቆርቆሮው ሁሉም በእጅህ ያልፋል። (“አንተ” የምለው ለአጻጻፍ እንዲመቸኝ ነው እንጂ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብሎኬት ከሚያቀብሉትና ሲሚንቶ ከሚያቦኩት ብዙዎቹ ሴቶች መሆናቸውን አልዘነጋሁም።)

አካፋ ከማንሳትህ በፊት የገንዘቡ ነገር ይለይ። ግንበኛው ሥራውን በቁርጥ ወይም በካሬ ተዋውሎ ከሆነ ቀጣሪህ እሱ ነው፤ ባለቤቱ በቀን ሒሳብ የሚያሠራ ከሆነ ደግሞ ከፋይህ ባለቤቱ ነው። ይህን ያላጣራ ረዳት ቅዳሜ ማታ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ያመሻል። ዝናብ ሥራውን እኩለ ቀን ላይ ቢያቋርጠው ሒሳቡ እንዴት እንደሚሆንም በመጀመሪያው ጠዋት ጠይቅ። የወረዳ ፈቃድ የባለቤቱ ጣጣ ነው፤ ቢሆንም ደንብ አስከባሪ መጥቶ ሥራው ቢቆም የሚቃጠለው ያንተም ቀን ነውና ፈቃዱ መኖሩን ማወቅ አይከፋም።

እንበልና ቤቱ 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት 2 ሜትር ከ20 ነው። ዙሪያው 10 ሜትር ስለሚሆን ግድግዳው 22 ካሬ ይወጣዋል፤ የበሩን ስትቀንስ ከ20 ካሬ ጥቂት ያልፋል። 40 በ20 የሆነው ብሎኬት በካሬ ከ12 እስከ 13 ይገባል። ለስብራት ትንሽ ሲጨመርበት 265 ያህል ብሎኬት ይበቃል። ግንበኛው ይህን በቃሉ ነው የሚያሰላው። አንተም ካወቅኸው ግን መኪናው ሲያራግፍ ቆመህ አታይም፤ ትቆጥራለህ፣ የተሰነጠቀውን ለይተህ ታስቀምጣለህ። ሲሚንቶ ላይ ደግሞ ሰው የሚምታታበት ኩንታልና ከረጢት ነው፤ አንድ ከረጢት 50 ኪሎ፣ ማለትም ግማሽ ኩንታል ነው። ከረጢቱን መሬት ላይ አታስቀምጠው፤ ጣውላ ላይ ደርድረህ በላስቲክ ሸፍነው።

መሠረቱ ሲቆፈር አፈሩን እይ። አዲስ አበባ ዙሪያ ብዙ ቦታ ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ የላዩንም ግድግዳ አብሮ ይሰነጥቀዋል። “ለዕቃ ቤት ምን ያስጨንቃል” የሚል ባለቤት አይጠፋም፤ ልምድ ያለው ግንበኛ ግን ዋልካውን አስወጥቶ ገረጋንቲ ያስሞላል። ያን ጊዜ ያንተ ሥራ መጠቅጠቁ ነው። አንዴ ሞልተህ ከላይ ብቻ አትረግጠው፤ በስስ በስሱ እየሞላህ፣ ውሃ እያርከፈከፍክ ጠቅጥቀው።

ማዕዘን ሲለካ የሜትሩን ጫፍ ይዘህ አትቁም፣ ምን እየተደረገ እንደሆነ ተከታተል። በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ተለክቶ በሁለቱ ምልክቶች መካከል 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። ለትንሽ ቤት 60፣ 80 እና 100 ሴንቲም ያው ነው። ባለ 3 በ2 ቤታችን ላይ ደግሞ ከማዕዘን ማዕዘን አግድም ሲለካ ሁለቱም በኩል 3 ሜትር ከ61 ሴንቲ ገደማ መምጣት አለበት። ሁለቱ ከተለያዩ ካስማው ይነቀላል፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ሲባጎው ከተወጠረ በኋላ አትንካው፣ ብሎኬትም አታስደግፍበት። ለግንበኛ ከዚህ የበለጠ የሚያናድድ ነገር አላውቅም።

አሁን ወደ ማቡካቱ። የረዳት ሙያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ አሸዋውን እይ። እፍኝ ዘግነህ እጅህ ላይ እሸው፤ መዳፍህን ጭቃ ካስመሰለው አፈር አለበት። ይበልጥ ለማረጋገጥ ሃይላንድ ጠርሙስ ግማሹን በአሸዋ፣ የቀረውን በውሃ ሞልተህ በጥብቅ ነቅንቅና አስቀምጠው። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ አፈሩ ቀስ ብሎ ከላዩ ይተኛል። የአፈሩ ንጣፍ ወፈር ካለ ለግንበኛው አሳየው፤ አሸዋው መመለሱን ወይም መታጠቡን የሚወስነው እሱ ነው።

ድብልቁን በስንት እንደሚፈልግ ጠይቀው። ለብሎኬት ግንብ የተለመደው አንድ ለአራት ነው፤ አንዱ ሲሚንቶ፣ አራቱ አሸዋ። በአካፋ መስፈር ፈጣን ይመስላል፣ ነገር ግን ጠዋት የተቆለለው አካፋና ከምሳ በኋላ ድካም የያዘው አካፋ አይተካከሉም። የመስፈሪያ ሳጥን ሥራ። 50 በ40 በ18 ሴንቲ የሆነ ሳጥን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ያህል ይይዛል። በአንድ ጊዜ ሙሉ ከረጢት አታቡካ፤ በባልዲ ስፈር፣ መጠኑን ግን አትለውጥ። ደረቁን ሦስት ጊዜ ያህል ገለባብጠህ ቀለሙ አንድ ዓይነት ከሆነ በኋላ መሐሉን ጎድጉደህ ውሃውን ጥቂት በጥቂት አፍስስ። ብሎኬት ላይ ሲደረግ ሳይንጠባጠብ መቀመጥ አለበት፤ ሲጨመቅ ውሃ የሚለቅ ከሆነ ቀጥኗል። ከቦካ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይለቅ። የደረቀውን ውሃ ጨምሮ “ማለስለስ” በየሳይቱ ያለ ልማድ ነው፤ የሚለሰልስ ይመስላል እንጂ ጥንካሬው ሄዷል። ስለዚህ የሻይ ሰዓትና ምሳ ሲቃረብ ትንሽ ብቻ አቡካ።

ብሎኬቱን ከግድግዳው 60 ሴንቲ ያህል አርቀህ ደርድር፤ ግንበኛው የሚቆምበትና ዞር የሚልበት ነው። በየድርድሩ መካከል ሲሚንቶ የሚቀመጥበት ጣውላ ይኑር። እሱ አንዱን ጎን ሲጨርስ የሚቀጥለው ጎን ተደርድሮ መጠበቅ አለበት። ስታቀብል የቀዳዳው ጠርዝ ወፈር ያለበትን ወገን ወደ ላይ አድርገህ ስጠው፤ ሲሚንቶው የሚያርፍበት እሱ ነውና ግንበኛው እጁ ላይ አያገላብጠውም። ብሎኬት አቧራው እንዲለቅ እፍ ያለ ውሃ ይበቃዋል፤ በደንብ መራስ ያለበት የሸክላ ጡብ ነው። ቁመቱ ከደረትህ ሲያልፍ መወጣጫውን ሳትጠየቅ አዘጋጅ፣ ደግሞም መጀመሪያ አንተ ራስህ ረግጠህ ሞክረው።

ግንበኛ ይሳሳታል፤ የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለውም ይሳሳታል። አንድ መደዳ ዘመም ያለ ከመሰለህ ባለቤቱ ፊት ጮክ ብለህ አትናገር። ጠጋ ብለህ “ጋሼ፣ ይቺን አንዴ በውሃ ልክ ይዩልኝ” በል። ትክክል ከሆነ ትማራለህ፤ ካልሆነም ሲሚንቶው ሳይደርቅ ይስተካከላል። በአንድ ቀን ከሜትር ከ20 በላይ አልገነባም ካለህም ሰነፈ አትበል፤ የታችኛው መገጣጠሚያ ገና እርጥብ ነው፣ የላዩ ክብደት ያንሸራትተዋል።

ሲመሽ የሚቀረው ዕቃ ማጠብ ነው። ማንኪያ፣ አካፋ፣ ባልዲ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ ነገ በመዶሻ ነው የሚለቀው። የተገነባውን ለ7 ቀን ያህል ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣ፤ እሑድም ቢሆን ባለቤቱን አደራ በል። እጅህን ደግሞ አትርሳ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፣ ቀስ ብሎ ስለሆነ የሚታወቅህ ማታ ነው። የላስቲክ ጓንት አድርግ፣ ከረጢት ስትከፍት አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ ዓይንህ ውስጥ ከገባ ብዙ ንጹሕ ውሃ እያፈሰስክ ታጠብና ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ።

ጣሪያው ብዙ አያስወራም፤ ሁለት ነገር ብቻ። የመጨረሻው መደዳ ላይ ሞራሌውን የሚያስር ጥቁር ሽቦ ወይም ቀጭን ፌሮ ተቀብሮ መቅረቱን እይ፤ ትንሽ ቤት ቀላል ስለሆነ ንፋስ ጣሪያውን የሚያነሳው ከትልቁ ይልቅ ነው። ቆርቆሮው ላይ ደግሞ ሚስማር የሚመታው በጉብታው ላይ ነው። ጎድጓዳው የውሃ መንገድ ስለሆነ እዚያ ከተመታ በመጀመሪያው ዝናብ ያፈሳል።

ሥራው ከማለቁ በፊት አንድ ነገር ጠይቅ። የዕቃ ቤቱ የኋላ ግድግዳ ብዙ ጊዜ አጥር ነው የሚያየው፣ ለማያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አይገኝም። ማዕዘኖቹን እሱ ካቆመና ሲባጎውን ከወጠረ በኋላ “ጋሼ፣ ይቺን መደዳ ልሞክራት?” በለው። የቀኑን ሥራ ያላስተጓጎለ ረዳት ሲጠይቅ አብዛኛው ግንበኛ እሺ ይላል፤ እምቢ የሚባለው ሲሚንቶውን ጥሎ ማንኪያ ለማንሳት የሚቸኩለው ነው። እንዲህ እንዲህ እያልክ ከቆየህ የትምህርት ቤት ወረቀት የለኝም ብለህ ተስፋ አትቁረጥ። ሙያውን በሥራ ላይ የተማረ ሰውም ለብቃት ምዘና፣ ሰዉ ሲኦሲ ለሚለው ፈተና መቀመጥ ይችላል፤ የት እንደሚሰጥ በአቅራቢያህ ባለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ጠይቅ።