ናፍቆት ማስረጃ አይደለም

ከዚያ ቤት ከወጣች 3 ወር አልፏታል። የሚሰድባት የለም፤ ስልኳን የሚበረብር፣ ከእህቷ ጋር ምን እንዳወራች የሚመረምራት የለም። እሑድ ቡና አፍልታ ስትቀመጥ ግን እንባዋ ይመጣል። «ያን ያህል አዋርዶኝ እንዴት ይናፍቀኛል? እንዲህ ከናፈቀኝ ይወደኝ ነበር ማለት ነው። ጥፋቱ የእኔ ይሆን?»

ራስሽን እንዲህ ጠይቀሽ ከሆነ ይህ ምዕራፍ ለአንቺ ነው። በ«አንቺ» ብጽፈውም፣ እንዲህ ባለ ፍቅር የተጎዳ ወንድ አንባቢም የራሱ አድርጎ ያንብበው። የበደለሽ ሰው «ናርሲሲስት» (ራሱን አምላኪ፣ ለሌላው የማይራራ) ነው አይደለም የሚለውን መወሰን የባለሙያ ሥራ ነው። ለመዳን ለእሱ ስም ማውጣት አያሻሽም፤ የደረሰብሽን ማወቅ ይበቃል።

ሁልጊዜ ክፉ ከሆነ ሰው ልብ ቶሎ ይቆርጣል። አስሮ የሚያስቀምጠው አንድ ቀን እሳት፣ አንድ ቀን ማር የሚሆነው ነው። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ፈርስተርና ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ሥራ ይህን በእርግቦች አሳይተዋል። ሰሌዳ በመንቁሯ ስትነካ ጥሬ አንዳንዴ ብቻ፣ መቼ እንደሆነ ሳታውቅ የምታገኝ እርግብ፣ ጥሬው ከቆመ በኋላም ለረጅም ጊዜ መንካቷን አትተውም። አንቺም ከስድቡ ማግስት የሚመጣውን ይቅርታ፣ ከሳምንት ኩርፊያ በኋላ የሚመጣውን «የኔ ቆንጆ» ስትጠብቂ ኖረሻል። ዛሬ የሚናፍቅሽ ያ ጥበቃ ነው።

ካናዳ ውስጥ ዶናልድ ደተንና ሱዛን ፔይንተር ከበዳይ አጋሮቻቸው የተለዩ 75 ሴቶችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1993 አሳትመዋል። ከ6 ወር በኋላ ሴቶቹ ለበዳዮቻቸው የነበራቸው የስሜት ትስስር የቀነሰው በ27 በመቶ ገደማ ነበር። አብዛኛው ገና ስላልለቀቀ በ3ኛው ወር ማልቀስሽ ድክመት አይደለም። ትስስሩ ግን እየላላ ይሄዳል።

እንዲላላ ሦስት ነገር አድርጊ።

አንደኛ፣ ደብተር ያዢ። «እንደዚያ አላልኩም፣ አንቺ ነሽ የምታጋንኚው» ሲባል የኖረ ሰው የራሱን ትዝታ ማመን ያቅተዋል። የሆነውን በቀኑ፣ በቃሉ ጻፊው። ልብሽ መልካሙን ብቻ መርጦ ሲያሳይሽ ደብተሩ ሙሉውን ይነግርሻል።

ሁለተኛ፣ መልእክቱን አትመልሺ። አንዲት «እንዴት ነሽ?» ያንን የቆየ ጥበቃ እንደገና ትቀሰቅሰዋለች። በመካከላችሁ ልጅ ካለ ስለ ልጁ ብቻ፣ በአጭሩ፣ በጽሑፍ ተነጋገሩ። የሚዝትብሽ ከሆነ ብቻሽን አትጋፈጪው። መለያየት የሚያስቆጣው ሰው ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው በዚያን ጊዜ ነውና፣ ለምታምኚው ሰው፣ ለፖሊስ ወይም ለሕግ ባለሙያ አሳውቂ።

ሦስተኛ፣ ቢያንስ ለአንድ ሰው ሙሉውን ንገሪ። «ገመናሽን ሸፍኚ፣ ትዳር ቻይነት ነው» ተብለን ያደግን ብዙዎች ነን። ሽማግሌም ይላክብሽ ይሆናል፤ ሽማግሌ የሚያስታርቀው የተጣሉትን ነው። እዚህ ግን ጠብ የለም፤ አንዱ ሲያዋርድ ሌላው ሲዋረድ ነው የኖረው። ስለዚህ «ተመለሺ» ከማለቱ በፊት የሚያዳምጥሽን ሰው ምረጪ። እንቅልፍ ካጣሽ ወይም መኖር ካስጠላሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ሐኪም ቤት ሂጂ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። በር ሲንኳኳ መደንገጥሽ፣ ደግ ሰው ሲቀርብሽ መጠራጠርሽ አእምሮሽ ታሟል ማለት አይደለም። ሰውነትሽ ሲጠብቅሽ የኖረበትን ልማድ ገና አልተወም፤ ጸጥ ያሉ ቀኖች ሲደራረቡ ይተወዋል።

እንግዲህ እሑድ ናፍቆቱ ሲመጣ አትደንግጪ፤ ግን አትታዘዢው። ቡናሽን ቅጂና ደብተርሽን ክፈቺ። ወደዚያ ቤት ለመመለስ ማስረጃ ከፈለግሽ፣ ከእንባሽ ሳይሆን ከጻፍሽው ፈልጊ።