ዩኒት ቴስትና ኢንተግሬሽን ቴስት፦ ለይቶ ማስቀመጥ፣ አገናኝቶ ማስኬድ

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት የያዛችሁም ሆናችሁ ኮድ መጻፍ ገና የጀመራችሁ፣ በዚህ እትም የምናየው ትምህርት የሶፍትዌር ፈተሻዎችን በሁለት ወገን ለይቶ ስለማደራጀት ነው።

በመጀመሪያ ልዩነታቸውን እንያዝ። የቤተ መጻሕፍት የውሰት ሥርዓት እየሠራን ነው እንበል። ተማሪ መጽሐፍ አዘግይቶ ሲመልስ ቅጣቱን የሚያሰላ አንድ ፈንክሽን አለ። ሦስት ቀን ቢዘገይ ስንት ይከፍላል? በቀኑ ቢመልስስ ዜሮ ይወጣል? ይህን ለማረጋገጥ ዳታቤዝም ኔትወርክም አያስፈልግም፤ ቁጥር አስገብተን ቁጥር እንቀበላለን። ይህ ዩኒት ቴስት ነው። እንዲህ ያሉ ፈተሻዎች በመቶ ቢቆጠሩም በጥቂት ሰከንድ ያልቃሉ። ቅጣቱ ዳታቤዝ ውስጥ በትክክል መመዝገቡንና ተመልሶ ሲነበብም ያው ቁጥር መሆኑን ለማየት ግን እውነተኛ ዳታቤዝ መነሳት፣ ሠንጠረዦቹ መፈጠር፣ በመጨረሻም መጽዳት አለባቸው። ይህ ኢንተግሬሽን ቴስት ነው። የሚጠይቀው ጥያቄ፣ ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ ይሠራሉ ወይ የሚል ነው።

አንዱ ሌላውን አይተካም። ሒፍዝ ላይ ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ እያንዳንዱን ገጽ ለብቻው ያለ ስህተት የሚያሰማ ተማሪ፣ ከአንዱ ገጽ መጨረሻ ወደ ቀጣዩ መጀመሪያ ሲሻገር ሊደናቀፍ ይችላል። ችግሩ ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው።

በምህንድስና ታሪክ የሚታወቀው ምሳሌ የናሳ ‹ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር› ነው። መንኮራኩሯ በታኅሣሥ ወር 1998 (እ.ኤ.አ.) መጥቃ፣ መስከረም 23 ቀን 1999 ማርስ ዘንድ ስትደርስ ጠፋች። በምድር ላይ የነበረ አንድ ሶፍትዌር የግፊቱን መጠን በፓውንድ-ሰከንድ አስልቶ ያወጣ ነበር፤ ቁጥሩን የሚቀበለው ወገን ደግሞ በኒውተን-ሰከንድ የተሰላ አድርጎ ወሰደው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 4.45 እጥፍ ገደማ ነው። እያንዳንዱ ክፍል በራሱ መለኪያ ብቻ ቢፈተሽ ትክክል ሆኖ ይገኛል። ስህተቱ የሚታየው ሁለቱን አገናኝቶ ለሚፈትሽ ብቻ ነው።

ታዲያ ሁለቱም አስፈላጊ ከሆኑ ለምን አንድ ላይ አናደርጋቸውም? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ጊዜ ነው። ሲቀላቀሉ በሰከንድ የሚያልቀው ፈተሻ ደቂቃዎችን መጠበቅ ይጀምራል፤ ቆይቶም አንድ መስመር በቀየርን ቁጥር መፈተሹን እንተወዋለን። ሁለተኛው እምነት ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወይም ዳታቤዙ ሳይነሳ ሲቀር ኮዳችን ጤነኛ ሆኖ ሳለ ፈተሻው ይወድቃል። ይህ ሲደጋገም ‹ኔትወርክ ነው› ብሎ ማለፍ ይለመድና እውነተኛው ስህተት አብሮ ያልፋል። ከተለዩ ግን ዩኒት ቴስቶቹን መብራት ጠፍቶም ቢሆን በላፕቶፑ ባትሪ ማስኬድ እንችላለን፤ አንዱ ሲወድቅም ኮዱን ማየት እንዳለብን እናውቃለን።

በጃቫ የምትሠሩ በሜቨን እንዲህ ታደራጃላችሁ። ሜቨን ሥራውን በደረጃ ይከፍላል። ዩኒት ቴስቶችን ‹ሹርፋየር› የተባለው ፕለጊን በ‹ቴስት› ደረጃ ያስኬዳል፤ የሚለያቸውም በስማቸው ነው፣ ለምሳሌ የክላሱ ስም በ‹ቴስት› የሚያልቅ ከሆነ። ኢንተግሬሽን ቴስቶችን የሚያስኬደው ‹ፌይልሴፍ› ነው፤ እሱ የሚፈልገው ስማቸው ‹አይ› እና ‹ቲ› በሚባሉት ሁለት ትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚያልቅ ክላሶችን ነው። ሹርፋየር ከሜቨን ጋር ተያይዞ ይመጣል፤ ፌይልሴፍን ግን ራሳችን በፕሮጀክቱ የማዋቀሪያ ፋይል መጨመር አለብን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፌይልሴፍ አንድ ፈተሻ ሲወድቅ ቢልዱን ወዲያው አያቆምም። ይህን የሚያደርገው የተነሳው ዳታቤዝ በሥርዓት እንዲዘጋ ጊዜ ለመስጠት ነው፤ ውጤቱን አይቶ ቢልዱን የሚጥለው በኋላ ‹ቬሪፋይ› በሚባለው ደረጃ ነው። ስለዚህ ማዋቀሪያው ላይ ሁለቱም ግቦች፣ ማስኬዱም ማረጋገጡም፣ መጻፍ አለባቸው። ማረጋገጡ ከተረሳ ፈተሻው ወድቆ ሳለ ቢልዱ ‹ተሳክቷል› ይላል። የምናዘውም ‹ሜቨን ቬሪፋይ› ብለን እንጂ በኢንተግሬሽን ቴስቱ ደረጃ ላይ ቆመን አይደለም።

ግሬድል የምትጠቀሙ ደግሞ ለኢንተግሬሽን ቴስቶች የራሳቸውን የኮድ ማኅደር ትከፍታላችሁ። ሆኖም አዲሱ ማኅደር ‹ቼክ› ከሚባለው ሥራ ጋር በራሱ አይያያዝም፤ እናንተ ካላያያዛችሁት ፈተሻው ተጽፎ ሳይሄድ ሊከርም ይችላል።

በሁለቱም መሣሪያዎች ነገሩ አንድ ነው፤ ለይተን እናስቀምጣለን እንጂ አንጥልም። ኮድ በቀየርን ቁጥር ዩኒት ቴስቶቹን፣ ሥራችንን ከቡድናችን ሥራ ጋር ከማዋሐዳችን በፊት ደግሞ ሁሉንም እናስኬዳለን።

ይህን ካነበባችሁ በኋላ አንድ ነገር ሞክሩ። ከኢንተግሬሽን ቴስቶቻችሁ አንዱን ሆን ብላችሁ እንዲወድቅ አድርጉና ሙሉውን ቢልድ አስኪዱ። ቢልዱ ከወደቀ አደረጃጀታችሁ ደህና ነው፤ ፈተሻውን ወደ ቦታው መልሱት። ‹ተሳክቷል› ካለ ግን ፈተሻችሁ ከቢልዱ ጋር አልተገናኘምና ማዋቀሪያችሁን ዛሬውኑ አስተካክሉ። የመመረቂያ ሥራችሁን ስታቀርቡ መምህሩ ከሚያገኘው፣ አሁን እናንተ ብታገኙት ይሻላል።