በሊንክድኢን የተዋወቋቸውን ሰዎች በአካል ያግኟቸው፦ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ባለሙያዎች

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ አዲስ የገባ ሐበሻ ማረፊያ ለማግኘት ብዙ አይቸገርም። ዘመድ ወይም የዘመድ ወዳጅ ይቀበለዋል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አንድ ክፍል ይከራያል፤ ሥራ የሚያሲዘው ሰውም ብዙ ሳይቆይ ይገኛል። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ፓርኪንግ፣ ሆቴል፣ ግሮሰሪ ወይም ሾፌርነት ነው። ስንቱን ቤተሰብ ያቆመ፣ ስንቱን ልጅ ያስተማረ ሥራ ስለሆነ ክብር ይገባዋል። የሚያሳዝነኝ አገር ቤት መሐንዲስ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ወይም ፋርማሲስት ሆኖ የኖረ ሰው “ለጊዜው” ብሎ በያዘው ሥራ ላይ ዕድሜው ሲያልፍ ማየት ነው። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ዋናው፣ በሙያው ውስጥ የሚሠራ አንድም ሰው በአካል አለማወቁ ይመስለኛል።

ስልኩ ውስጥ ግን እንዲህ ያሉ ሰዎች ሞልተዋል። ሊንክድኢን ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ጥያቄውን ተቀብለውታል፤ በልደታቸው “እንኳን አደረሳችሁ” ይላቸዋል፤ የጻፉትን ላይክ ያደርጋል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በሜትሮ ግማሽ ሰዓት በማይፈጅ ርቀት ላይ ይሠራሉ። ፊቱን ያላዩት፣ ድምፁን ያልሰሙት ሰው ግን ስሙን ለአለቃቸው አያነሱለትም። ትውውቁ ፍሬ እንዲሰጥ በአካል መቀመጥ ያስፈልጋል።

የቅርብ ዘመድና ጓደኛ ለዚህ ለምን እንደማይበቃ ከጥናት ማየት ይቻላል። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ተመራማሪ በቦስተን አጠገብ በምትገኘው በኒውተን የሚኖሩ ባለሙያዎች ሥራቸውን እንዴት እንዳገኙ አጥንቶ ውጤቱን በ1973 አሳትሞ ነበር። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ውስጥ፣ ወሬውን ያመጣላቸው ዘወትር የሚገናኙት ሰው የሆነላቸው ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያዩት ሰው ነው። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናትም ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን መረጃ መርምሮ፣ ሰውን ወደ አዲስ ሥራ በማሸጋገር በኩል መጠነኛ ትውውቅ ከቅርብ ወዳጅነት እንደሚበልጥ አሳይቷል። አብረውን ዕቁብ የሚጥሉ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የምንገናኛቸው ሰዎች የሰሙትን እኛም ሰምተናል። አዲስ ወሬ የሚመጣው በሌላ መንገድ ከሚመላለስ ሰው ነው።

ብዙዎቻችንን የሚይዘን ይሉኝታ ነው። የማላውቀውን ሰው “ጊዜህን ስጠኝ” ብዬ እንዴት እጽፋለሁ፣ ደጅ መጥናት አይሆንም ወይ እንላለን። አይሆንም። እዚህ አገር ስለ ሙያው ለማወቅ ሃያ ደቂቃ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንዲያደርጉት ይመከራሉ፣ ሥራ የሚቀይሩ አሜሪካውያንም ያደርጉታል። የተጠየቀው ሰው ካልተመቸው ዝም ይላል ወይም ይቅርታ ይጠይቃል፤ ቂም አይዝም። ከጻፉላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ባይመልሱም አይዘኑ፤ ከመለሱት ከጥቂቶቹ ጋር ይቀጥሉ።

ለማን እንጻፍ? እኔ የምመክረው በመጀመሪያ በሙያዎ ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ነው። ያለፉበትን መንገድ እርስዎም ሊያልፉበት ስለሆነ፣ የትምህርት ማስረጃዎን የት እንደሚያስገመግሙ፣ የትኛው ፈተና እንደሚቀድም፣ የትኛው ኮርስ የገንዘብ ብክነት እንደሆነ በአንድ ቁጭታ ይነግሩዎታል። በተለይ ፈቃድ በሚጠይቁ ሙያዎች ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቦርድ አላቸው፤ ይህን ሳያውቁ ለተሳሳተው ግዛት ማመልከት ወራት ያስከፍላል። እዚያ ላይ ግን አይቁሙ። ሁለተኛው ዙር ለሌሎች ይሁን፦ እርስዎ ሊገቡበት የሚፈልጉትን ሥራ ዛሬ እየሠሩ ላሉ፣ ደረጃቸው ከእርስዎ በአንድ ወይም በሁለት እርከን ብቻ ከፍ ላለ ሰዎች። ለዳይሬክተሩ ከመጻፍ ሥራውን በእጁ ለሚሠራው መጻፍ ይሻላል፤ ጊዜም አለው፣ የተቀጠረበትንም መንገድ ገና አልረሳም።

ከመጻፍዎ በፊት ፕሮፋይልዎን ያስተካክሉ። የአገር ቤት ዓመተ ምሕረት ወደ አውሮፓ አቆጣጠር መቀየሩን ያረጋግጡ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው ዓመቱን እንዳለ ከጻፈው አሜሪካዊው ስምንት ዓመት ያህል ይጨምርበታል፤ ዲግሪውና የሥራ ልምዱም አይገጣጠሙም። የሠሩበት ድርጅት እዚህ የማይታወቅ ከሆነ ምን እንደሚሠራና ስንት ሠራተኛ እንዳለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ።

መልእክቱ አጭር ይሁን። ማን እንደሆኑ፣ ለምን እሳቸውን እንደመረጡ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈልጉ ይበቃል። ለምሳሌ እንዲህ፦ “በአዲስ አበባ ስድስት ዓመት በመንገድ ዲዛይን ሠርቻለሁ፤ ሜሪላንድ ከገባሁ ጥቂት ወራት ሆነኝ። እርስዎ ከውጭ ዲግሪ ተነሥተው የምህንድስና ፈቃድ እንዳወጡ አየሁ። በሚመችዎ ቀን ከቢሮዎ አጠገብ ሃያ ደቂቃ ቢሰጡኝ ስለ መንገዱ ልጠይቅዎ እወዳለሁ።” ሪዙሜ አያያይዙ፤ “ሥራ ካለ” የሚል ቃልም አያስገቡ። አሜሪካዊን በስሙ ብቻ መጥራት ነውር የለውም። ለኢትዮጵያዊ ግን፣ በተለይ በዕድሜ ከፍ ላለ ሰው፣ በአማርኛ ሲጽፉ “እርስዎ” ይበሉ፤ ማዕረግ ካለውም “ዶክተር”፣ “ኢንጂነር” ብሎ መጀመር ደግ ነው። “አንተ በለኝ” ካሉ ያኔ ይቀየራል። ሳምንት ጠብቀው መልስ ካጡ አንድ ጊዜ ብቻ ያስታውሱ።

ቦታውን በሚመለከት ደንቡ ወደ ሰውየው መሄድ ነው። ጊዜውን የሚሰጠው እሱ ስለሆነ መንገዱን እርስዎ ይውሰዱ። በጤናና በምርምር ሙያ ያሉት ብዙዎቹ ቤተስዳ ባለው ብሔራዊ የጤና ተቋም አካባቢ ናቸው። ጣቢያው በሜትሮው ቀይ መስመር ላይ “ሜዲካል ሴንተር” ቢሆንም ግቢው ለእንግዳ የጸጥታ ፍተሻ ስላለው ከጎኑ ባለው ጣቢያ ቤተስዳ ላይ ወርዶ ካፌ መቀመጥ ይቀላል። በልማትና በፋይናንስ የሚሠሩትን ዓለም ባንክ አካባቢ፣ ፋራጉት ዌስት ጣቢያ አጠገብ ያገኟቸዋል። የአይቲ ሰዎች በብዛት ያሉት ወደ ቨርጂኒያ ነው። አማዞን በ2023 ሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤቱን አርሊንግተን ከፍቷል፤ ሬስተን፣ ሄርንደንና አሽበርን ደግሞ በዳታ ሴንተርና በቴክኖሎጂ ድርጅቶች የተሞሉ ናቸው። የሜትሮው ሲልቨር መስመር በኖቬምበር 2022 እስከ አሽበርን ስለተዘረጋ መኪና የሌለውም ሰው ይደርስባቸዋል።

ካፌ መቀመጥ የማይመቸው ሰው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን ያስብ። ዳውንታውን ዲሲ ያለው፣ በ2020 ታድሶ የተከፈተው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት ሰፊ ነው፤ ለመቀመጥ የሚከፈልበትም ነገር የለም። ሐበሻ ምግብ ቤት ለመጀመሪያ ቀጠሮ አልመርጥም። በበያይነቱ ፊት ተቀምጦ ማስታወሻ መያዝ አይቻልም፤ በዚያ ላይ የሚያውቁት ሰው ገብቶ ሰላምታው ብቻ ሃያውን ደቂቃ ይወስደዋል። ለሁለተኛው ጊዜ፣ ወዳጅነቱ ሲጠና፣ ግን ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።

ከሐበሻ ጋር ሲቀጣጠሩ ሰዓቱን ያጥሩት። “በአራት ሰዓት እንገናኝ” የተባለ ሰው ጠዋት በአሥር ይምጣ ወይስ ከሰዓት በኋላ በአራት? በጽሑፍ፣ በአሜሪካ አቆጣጠር፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት ተብሎ ይረጋገጥ። አሥር ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። የሐበሻ ቀጠሮ የሚባለው ነገር በዚህ ጠረጴዛ ላይ ይቅር፤ ያረፈደ ሰው ለሥራውም ያረፍዳል ተብሎ ይታሰባል።

ንግግሩን የሚመሩት እርስዎ ነዎት። አራት ወይም አምስት ጥያቄ ጽፈው ይሂዱ፤ ፕሮፋይላቸው ላይ ያለውን መልሰው አይጠይቁ። “ዛሬ አዲስ ቢሆኑ ከየት ይጀምሩ ነበር?”፣ “የእኔን ልምድ የያዘ ሰው እዚህ በምን የሥራ መደብ ስም ይፈለጋል?”፣ “ለዚህ ሥራ ሪዙሜ ሲያዩ መጀመሪያ ምን ይፈልጋሉ?”፣ ይህን የመሰለ። የግል ደመወዛቸውን አይጠይቁ። አያስፈልግምም፤ ዲሲ ከጁን 30 ቀን 2024፣ ሜሪላንድ ደግሞ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቀጣሪዎች የሥራ ማስታወቂያ ላይ የደመወዙን እርከን እንዲያሳውቁ በሕግ አስገድደዋል። የመጨረሻው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፦ “ሌላ ማንን ባነጋግር ይጠቅመኛል ይላሉ?” አንድ ትውውቅ ሦስትና አራት የሚሆነው በዚህች ጥያቄ ነው። ሃያው ደቂቃ ሲሞላ ራስዎ ያስታውሱና ለመነሣት ይዘጋጁ፤ እሳቸው ካራዘሙት መልካም።

ከአገር ሰው ጋር ሲሆን ወሬው ቶሎ ወደ አገር ጉዳይ ይሄዳል። ብሔራቸው ምን እንደሆነ፣ ለየትኛው ወገን እንደሚያደሉ፣ ወረቀታቸው በምን እንደተስተካከለ መጠየቅ ገና ያልጸናውን ትውውቅ ያበላሻል። እርስዎ ቢጠየቁም በፈገግታ ወደ ሙያው ይመልሱት። ሒሳቡን በተመለከተ ጋባዡ ጠያቂው ነው፤ ለሁለት ቡና አሥር ዶላር ያህል ይዘው ይሂዱ። ታላቅ የሆነ ሐበሻ “እኔ እያለሁ!” ብሎ ቢከለክል አንድ ጊዜ ተግደርድረው ያመስግኑ። ካርድ እየተቀማሙ ካሸሪውን ማስጨነቅ አያስፈልግም።

ስለ ሥራ ሪፈራል አንድ ነገር ልበል። ብዙ የአሜሪካ ድርጅቶች ሠራተኛቸው ያመጣው ሰው ሲቀጠር ለሠራተኛው ጉርሻ ይከፍላሉ። ስለዚህ የሚያምንብዎት ሰው ስምዎን ቢያነሣ ለሁለታችሁም ይጠቅማል፤ ውለታ ተሸከምኩ ብለው አይሸማቀቁ። ሆኖም እሳቸው እስኪያነሡት ይጠብቁ። በ2025 የፌዴራል መንግሥት ብዙ ሠራተኞቹን ስለቀነሰ በዚህ አካባቢ ልምድ ያለው ብዙ ሰው ሥራ እየፈለገ ነው። ማስታወቂያ አይቶ ብቻ ማመልከት ዛሬ ከወትሮው የበለጠ ከባድ የሆነውም ለዚህ ነው።

የሥራ ፈቃድዎን ገና እየጠበቁ ከሆነ ይህ ጊዜ አይባክን። ሰው ማነጋገርና መማር ፈቃድ አይጠይቅም። ፈቃዱ በእጅ ሲገባ የሚደውሉላቸው አምስት ሰዎች ካሉዎት ከዜሮ አይጀምሩም።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ቀጠሮው በቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ ይሁን፤ የት እንደሚሄዱ አንድ ሰው ይወቅ። ለእህቶቼ አጥብቄ የምለው፣ ቤቱ ወይም መኪናው ውስጥ ካልሆነ የሚል “ባለሙያ” ሙያ የለውም፤ ይተዉት። ሥራ አስገባለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ቼክ ሰጥቶ “ባንክ አስገባና የተረፈውን ላክልኝ” የሚል አጭበርባሪ ነው፤ ቼኩ ከቀናት በኋላ ውድቅ ሲሆን ዕዳው በእርስዎ ላይ ይቀራል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለቡና ትውውቅ አይሰጥም።

በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ የምስጋና መልእክት ይላኩ፤ ከተነገረዎት አንዱን ነገር ይጥቀሱበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ትውውቁን የሚያጸናው ግን ከወር ወይም ከሁለት ወር በኋላ የሚጻፈው ነው፦ “ባሉኝ መሠረት ለፈተናው ተመዘገብኩ”፣ “የጠቆሙኝን ሰው አግኝቼ አነጋገርኩ”። ምክሩ ሥራ ላይ ሲውል ያየ ሰው በእርስዎ ስኬት ውስጥ ድርሻ እንዳለው ይሰማዋል፤ ከዚያ በኋላ ክፍት ቦታ ሲሰማ እርስዎን ያስታውሳል። በስልክዎ ወይም በደብተር የሰውየውን ስም፣ ቀኑን፣ የተባለውን ይመዝግቡ።

አንድ በአንድ ማግኘት የሚከብደው ሰው ሰዎች የሚሰበሰቡበትን ይፈልግ። በ1983 አርሊንግተን የተቋቋመው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት ዛሬ ከብዙ አገር የመጡ ስደተኞችን ያግዛል። ከ1984 ጀምሮ ያለው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ አካባቢ የሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድርም ከየግዛቱ የመጣ ባለሙያ የሚገናኝበት ነው፤ ሊንክድኢን ላይ ብቻ የሚያውቁትን የሌላ ከተማ ሰው እዚያ ቀጥረው ማግኘት ይችላሉ።

በሙያችሁ ቦታ ለያዛችሁ ወገኖቼ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በወር አንድ ግማሽ ሰዓት ለአዲስ መጪ መድቡ፤ ፕሮፋይላችሁ ላይም “ከአገር ቤት ለመጡ ባለሙያዎች ምክር እሰጣለሁ” ብላችሁ ጻፉ። መልእክት ሲደርሳችሁ ሥራ ማስገባት ባትችሉም እንኳ መልሱ፤ የምታውቁት መንገድ አንድን ሰው ዓመታት ሊያተርፍለት ይችላል።