«ደህና ነኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም፦ ስለ እርግዝና ክትትል



አንድ ወንድም የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ለሆነች ባለቤቱ የራስ ምታት ክኒን ሊገዛ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣ። «ሦስት ቀኗ ነው፤ ዓይኗንም ብዥ ይላታል» አለኝ። ክኒኑን አልሸጥኩለትም፤ «አሁኑኑ ሆስፒታል ይውሰዷት» አልኩት። የደም ግፊቷ 170/110 ሆኖ ተገኘ። አልሐምዱሊላህ፣ እናትም ልጅም ተረፉ። እህታችን ግን «ደህና ነኝ» እያለች አንድ ቀን እንኳ ለክትትል አልሄደችም ነበር።

በእርግዝና ጊዜ የሚከሰቱ ብዙ ችግሮች ሲጀምሩ አይሰሙም። ምርመራ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ምን ምን ይመረመራል?

1. የደም ግፊትና ሽንት፦ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊቱ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከታየ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። በጊዜ ካልታከመ ሰውነትን ወደሚያንቀጠቅጥ ኤክላምፕሲያ ሊያደርስ ይችላል።

2. ደም፦ ሄሞግሎቢን ከ11 በታች ከሆነ የደም ማነስ አለ ማለት ነው። የደም ዓይነት፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢም ይታያሉ። ቀድሞ ከታወቀ በሽታው ወደ ልጁ እንዳይተላለፍ መከላከል ይቻላል።

3. ስኳር፦ በእርግዝና የሚመጣው የስኳር በሽታ ብዙውን ጊዜ የሚፈተሸው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ነው።

4. አልትራሳውንድ፦ ከ24ኛው ሳምንት በፊት ቢታይ የእርግዝናውን ዕድሜና መንታ መሆን አለመሆኑን ያሳውቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ውስጥ እንዲሆን ይመክራል።

ስለ መድኃኒት አደራ

በክትትል ወቅት የሚሰጥሽን የአይረንና የፎሊክ አሲድ ክኒን ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰጂ፤ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰጂ፤ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ የሆድ ላይኛው ክፍል ሕመም፣ ደም መፍሰስ፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ መንቀጥቀጥ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ በቀንም ሆነ በሌሊት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የደም ግፊቱ ችግር ከወሊድ በኋላም ሊመጣ ስለሚችል አራስም ትጠንቀቅ።

ነፍሰ ጡር ስትንቀጠቀጥ «ጂን ነው» ተብሎ ቤት ውስጥ ሲቀራባት ሰዓቱ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ቁርኣንና ዱዓ ከሕክምና ጋር አይጣሉም፤ መኪና ውስጥም ይቀራል። መንቀጥቀጡን የሚያቆመው ማግኒዚየም ሰልፌት የተባለው መርፌ ግን የሚገኘው ጤና ተቋም ውስጥ ነው።

ወንድሞቼ፣ የባለቤታችሁን የቀጠሮ ቀን እናንተም ያዙት። ለመኪና የሚሆን ገንዘብ አስቀድማችሁ አስቀምጡ፤ ሌሊት የምትደውሉለትን ሰውም ከወዲሁ እወቁ።

አላህ ነፍሰ ጡር እህቶቻችንን በሰላም ይገላግልልን። አሚን።